ጠባዩ ነው ወይስ ሕመሙ? ስለ ልጆችና አፍላ ወጣቶች ባሕርይ እና ስለ አእምሮ ሆስፒታል ሕክምና

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፤ በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን ከቤት ስልክ ሲደወልልን የሚገጥመን ነው። "ታናሽ ወንድምህ ከሰው መነጋገር ትቷል፤ ሌሊት አይተኛም፤ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሏል። አንተ ተምረሃል፤ ምን እናድርገው?" እንባላለን። ካምፓስ የገባነው አካውንቲንግ ወይም ሲቪል ምህንድስና ልንማር ቢሆንም፣ ለቤተሰባችን "የተማረው ሰው" እኛ ነን። የምንሰጠው መልስ ልጁን ቶሎ ወደ ሐኪም ሊያደርሰው፣ ወይም ለዓመታት ቤት ተዘግቶበት እንዲቀር ሊያደርገው ይችላል።

ብዙ ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው ከሁለት መልሶች አንዱ ነው። አንዱ "ድሮም ዝምተኛ ነው፤ ጠባዩ ነው፣ ተዉት" የሚል ነው። ሌላው "በቃ፣ አእምሮው ተነክቷል" የሚል ነው። የመጀመሪያው የታመመን ልጅ ያለ ሕክምና ያስቀራል። ሁለተኛው ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ያሰኛል፤ የታመመውን ደግሞ ዕድሜ ልኩን በሕመሙ እንዲጠራ ያደርጋል። ስለዚህ ባሕርይ ምን እንደሆነ፣ ከአእምሮ ሕመም በምን እንደሚለይ፣ ልጆችና አፍላ ወጣቶች ሆስፒታል ሲደርሱ ምን እንደሚደረግላቸውና የእኛ ድርሻ ምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆችና ወጣቶች መካከል ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ በሕይወት ዘመን ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሹ በ14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው በ24 ዓመት ዕድሜ እንደሚጀምር አሳይቷል። በ24 ዓመት ብዙዎቻችን ገና ተመርቀን መውጣታችን ነው። ስለዚህ ነገሩ ቤት ያሉትን ታናናሾቻችንንም፣ ዶርም ውስጥ አልጋ የምንጋራቸውን ፍሬሾችም ይመለከታል።

ባሕርይ ከአላህ የተሰጠ ነው

የዐብዱል ቀይስ ልዑካን ወደ መዲና በመጡ ጊዜ አብዛኞቹ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለማግኘት ቸኩለው ከግመሎቻቸው ወረዱ። አል አሸጅ የተባለው መሪያቸው ግን ረጋ ብሎ ዕቃውን አስተካከለ፤ ንጹሕ ልብሱን ለበሰ፤ ከዚያ መጣ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ የሚወዳቸው ሁለት ባሕርያት እንዳሉት ነገሩት፦ ሒልም (ቻይነት) እና አለመቸኮል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ላይ አል አሸጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ እነዚህን ባሕርያት እኔ ያመጣኋቸው ናቸው ወይስ አላህ ሲፈጥረኝ የሰጠኝ? መልሱ አላህ የፈጠረው በእነርሱ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ነበር።

የዛሬ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቀዋል። በኒውዮርክ አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት የአእምሮ ሐኪሞች ከ1956 ጀምሮ ከ130 በላይ ሕፃናትን ከጨቅላነት እስከ ጉልምስና ተከታትለዋል። ሕፃናቱ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት እርስ በርስ እንደሚለያዩ አዩ። 40 በመቶ ያህሉ በቀላሉ የሚለምዱ፣ 15 በመቶ ያህሉ ለአዲስ ነገር ቀስ እያሉ የሚሞቁ፣ 10 በመቶ ያህሉ ደግሞ ስሜታቸው ኃይለኛ፣ እንቅልፋቸውና ምግባቸው የተዘበራረቀ፣ ለማሳደግ የሚያስቸግሩ ነበሩ። የቀሩት ከሁሉም የተቀላቀሉ ናቸው።

ከዚህ ጥናት ለቤተሰብ የሚጠቅመው ትልቁ ትምህርት ግን ቁጥሩ አይደለም። ልጁ ወደፊት መቸገር አለመቸገሩን የሚወስነው ባሕርዩ ብቻ አለመሆኑን ተመራማሪዎቹ አስተዋሉ። አስተዳደጉ ከባሕርዩ ጋር መጣጣሙ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ለመልመድ ጊዜ የሚወስድ ልጅ ካልተቸኮለበት ይለምዳል። እንግዳ ፊት ሰላም አላልክም ተብሎ በየጊዜው የሚገረፍ ከሆነ ግን ዓይናፋርነቱ ወደ ፍርሃት ይቀየራል።

ዛሬ በሥነ ልቦና ትምህርት የሰው ባሕርይ በአምስት ዋና ዋና መስመሮች ይለካል። እነሱም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥራን በሥርዓትና በኃላፊነት መያዝ፣ ከሰው ጋር መቀላቀል መውደድ፣ ለሰው ገርና ተባባሪ መሆን፣ እንዲሁም በቀላሉ የመጨነቅና የመከፋት ዝንባሌ ናቸው። ማናችንም በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሆነ ቦታ አለን። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ግማሽ የሚጠጋው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳያሉ። የቀረው ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ባሕርይ ዕድሜ ሲጨምርም ይለወጣል፤ አብዛኛው ሰው ከአፍላነት ወደ ጉልምስና ሲሸጋገር እየረጋና ኃላፊነት እየተሰማው ይሄዳል።

ሶሓቦችን እናስታውስ። አቡበክር (ረ.ዐ) ልባቸው ስስ ነበር፤ ሰላት ሲያሰግዱ ልቅሶ እንደሚያሸንፋቸው ልጃቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግራለች። ዑመር (ረ.ዐ) ብርቱ ነበሩ። ዑሥማን (ረ.ዐ) በሐያእ ይታወቁ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንዱን ወደ ሌላው ለመለወጥ አልሞከሩም፤ እያንዳንዱን በተፈጠረበት ባሕርይ ላይ አነጹት እንጂ። ስለዚህ ልጅ ዝምተኛ ወይም አልቃሻ፣ ቁጡ ወይም እረፍት የለሽ በመሆኑ ብቻ ታሟል አይባልም።

ባሕርይና ሕመም የሚለያዩት በምንድን ነው?

ባሕርይና ሕመም አይገናኙም ማለት ግን አይደለም። በቀላሉ የሚጨነቅና የሚከፋ ልጅ ለድባቴና ለጭንቀት ሕመም ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ ነው። ሳያስብ ፈጥኖ የሚወስን ልጅ በሱስ ወይም በአደጋ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ሁሉ ነገር እንከን የለሽ ካልሆነ የማይረካ ልጅ ለምግብ መተው ሕመም ሊጋለጥ ይችላል። ይህ ተጋላጭነት እንጂ ፍርድ አይደለም። ጣሪያው ስስ የሆነ ቤት ሁሉ አያፈስም፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን ቀድሞ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ሐኪም ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ራሳችንን ልንጠይቅ የምንችላቸው አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ለውጥ አለ ወይ? ድሮም ዝምተኛ የነበረ ልጅ ዝም ማለቱ ባሕርዩ ነው። ኳስ ሲያይ የሚሮጥ፣ ከእህቶቹ ጋር የሚሳሳቅ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ ከጀመረ ግን ለውጥ አለ። ዝምተኛ የነበረውም ከቀድሞው ዝምታው የተለየ ነገር ካሳየ ለውጥ ነው። "ድሮም እንዲህ ነው" ከማለታችን በፊት ድሮ እንዴት እንደነበር በትክክል እናስታውስ።

ሁለተኛ፣ ምን ያህል ቆየ? ከፈተና በኋላ ሦስት ቀን መከፋት የሁላችንም ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የቆየ መከፋት ወይም የፍላጎት መጥፋት ግን በሐኪም መታየት አለበት። በአፍላ ወጣቶች ላይ ድባቴ ሁልጊዜ በሐዘን መልክ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ በንጭንጭና በቁጣ ይገለጣል። ቤተሰቡም "ባለጌ ሆነ" ብሎ ይተረጉመዋል።

ሦስተኛ፣ ኑሮውን አናግቷል ወይ? እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ንጽሕናው፣ ትምህርቱ፣ ሰላቱ፣ ጓደኝነቱ እንዴት ነው? ሱብሂ የማያልፈው የነበረ ልጅ ሌሊቱን ነቅቶ ቀን የሚተኛ ከሆነ መጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፣ አደጋ አለ ወይ? ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ቤተሰቡ ሊመርዘው እንደሚፈልግ የሚያምን፣ ምግብ የተወ፣ ስለ መሞት የሚያወራ ወይም ራሱን የሚጎዳ ልጅ ነገ ይደርሳል አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሐኪሞች ራሳቸው በልጆች ላይ "የባሕርይ መታወክ" የሚለውን ስም ለመስጠት አይቸኩሉም። በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህን ስም ለመስጠት ምልክቶቹ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መታየት አለባቸው። የሌሎችን መብት በመጣስ የሚታወቀው ዓይነት ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ጨርሶ አይሰጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አፍላነት ራሱ የለውጥ ዕድሜ ነው። በተጨማሪም በሕመም ወቅት የሚለካ ባሕርይ ያሳስታል። በድባቴ ውስጥ ያለ ልጅ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ሁልጊዜም ፈሪ፣ ሁልጊዜም ብቸኛ እንደነበረ ሊናገር ይችላል፤ ሕመሙ ሲሻለው መልሱም ይለወጣል። ለዚህ ነው ሐኪሙ "ከመታመሙ በፊት እንዴት ያለ ልጅ ነበር?" ብሎ ቤተሰብን የሚጠይቀው። ሐኪሙ የሚቸገርበትን ፍርድ እኛ ዶርም ውስጥ ተቀምጠን በአምስት ደቂቃ መስጠት የለብንም።

ሆስፒታል ውስጥ ምን ይደረጋል?

በአገራችን "አማኑኤል ገባ" የሚለው ንግግር እንደ ስድብ ይወረወራል። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ከሕመሙ ጋር ተጣብቋል። የአእምሮ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ በፊት ለስፔሻሊቲ ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ በየክልሉ ባሉ ብዙ ሪፈራልና የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በአብዛኛው የምናገኛቸውም በዘርፉ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። በልጆች አእምሮ ሕክምና ብቻ የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች ግን አሁንም በጣም ጥቂት ናቸው።

አብዛኞቹ ልጆች አልጋ ይዘው አይተኙም። በተመላላሽ ይታያሉ፤ ተመርምረው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። መተኛት የሚታዘዘው ልጁ ለራሱ ወይም ለሌላው አደጋ ሲሆን፣ ምግብና ውኃ ሲተው፣ ወይም ሕመሙ በቤት ሊያዝ የማይችል ሲሆን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ነው። ሐኪሙ ልጁን ብቻውን፣ ቤተሰቡንም ለብቻ ያነጋግራል። ስለ አወላለዱ፣ ስለ እድገቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ በቤት ስላለው ሁኔታ፣ ስለ ጫትና ስለ ሌሎች አነቃቂ ነገሮች ይጠይቃል። የደም ምርመራም ሊያዝ ይችላል፤ ምክንያቱም የሚጥል በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባና ሌላም ኢንፌክሽን የአእምሮ ሕመም የሚመስል ምልክት ያመጣሉ። ብዙ ቤተሰብ ይህን አያውቅም። ልጁን ሐኪም ቤት መውሰድ ማለት "አብዷል" ብሎ መፈረም ሳይሆን፣ ሊታከም የሚችል ሌላ በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥም ጭምር ነው።

ልጁ ከተኛ ደግሞ ባሕርዩ ትልቅ ቦታ አለው። ዓይናፋር ልጅ ለማያውቀው ነርስ በመጀመሪያው ቀን አይናገርም፤ ዝምታው የሕመሙ ምልክት ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። እረፍት የለሽ ልጅ በጠባብ ክፍል ሲቀመጥ ይብስበታል፤ መላወሻና ሥራ ያስፈልገዋል። በትንሹ የሚነካ ልጅ በቁጣ ከተነገረው ይዘጋል። ስለዚህ አብሮት ያለው አስታማሚ ከምግብና ከልብስ ሌላ የሚያመጣው ትልቅ ነገር አለ፤ "ይህ ልጅ ሲፈራ ዝም ይላል፤ ቁርኣን ሲሰማ ይረጋጋል፤ ሲጮኹበት ይደነግጣል" ብሎ ለሕክምና ቡድኑ መንገር። በመዝገቡ ላይ የማይገኝ፣ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው መረጃ ነው።

ሕክምናው እንደ ሕመሙ ይለያያል። መድኃኒት፣ የንግግር ሕክምና፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ ምክር፣ ወደ ትምህርት የመመለስ ዕቅድ ሊኖረው ይችላል። መድኃኒቱ ሕመሙን ያክማል፤ የልጁን ባሕርይ ለመለወጥ አይሰጥም። ዝምተኛው ሲድን ዝምተኛ ሆኖ ይወጣል፤ ተጫዋቹም ጨዋታው ይመለስለታል። መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ፈዝዞ ወይም እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ካያችሁት ለሐኪሙ ይነገር፤ መጠኑ ሊስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው፤ ቀጠሮ የሚረሳውና መድኃኒት የሚቋረጠው ያን ጊዜ ነው።

የአንዲት ልጅ ታሪክ

ባሕርይን ከሕመም አለመለየት ምን እንደሚያስከትል፣ ሲለይም ምን እንደሚገኝ የማርሻ ሊንሃን ሕይወት ያሳያል። በ1961 በ17 ዓመቷ በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ተኛች። ራሷን አብዝታ ትጎዳ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባለች፤ ከባድ መድኃኒቶች ተሰጧት፤ ብዙ ጊዜም ብቻዋን በማግለያ ክፍል ትቀመጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ስትወጣ ይህ ነው የሚባል መሻሻል አልነበራትም።

በኋላ ተምራ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሆነች። እንደ እሷ ስሜታቸው ቶሎ የሚነድና ቀስ ብሎ የሚበርድ ሰዎችን የሚረዳ ሕክምና ቀረጸች፤ ውጤታማነቱን ያሳየው የመጀመሪያ ጥናቷም በ1991 ታተመ። ሕክምናው ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይይዛል። በአንድ በኩል ሰውየው አሁን ባለበት ሁኔታ ተቀባይነት ያገኛል፤ የሚሰማው ሥቃይ እውነት መሆኑ ይታመንለታል። በሌላ በኩል መለወጥ እንዳለበት በግልጽ ይነገረዋል፤ ስሜትን መግራት፣ ጭንቅን ራስን ሳይጎዱ ማሳለፍ፣ ከሰው ጋር በአግባቡ መነጋገር ደረጃ በደረጃ ይማራል። ዛሬ ለአፍላ ወጣቶች ተስተካክሎ በብዙ አገሮች ይሰጣል። የራሷን ታሪክ በአደባባይ የተናገረችው በ2011 ነው፤ የተናገረችውም በልጅነቷ በተኛችበት በዚያው ሆስፒታል ውስጥ ነበር።

ስሜቷ የሚነድ መሆኑ ባሕርይዋ ነበር። የሚያስፈልጋት ያንን ባሕርይ የሚገራ ትምህርት ሆኖ ሳለ የተሰጣት መዝጊያና መቆለፊያ ነበር።

ሆስፒታል ለእኛ እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ወንድሞች የአእምሮ ሕክምናን ከውጭ የመጣ ነገር አድርገው ያዩታል። ታሪካችን ግን ሌላ ይላል። በ1154 ሱልጣን ኑረዲን በደማስቆ ቢማሪስታን አሠሩ፤ ለዘመናትም አገልግሏል። በ1354 በሐለብ የተሠራው አርጉን ቢማሪስታን ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍልና በመካከሉ የውኃ ፏፏቴ ነበረው። በ1488 በኤዲርኔ የተጠናቀቀው የሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕሙማንን በማከም ይታወቅ ነበር። የብዙዎቹ ወጪ የሚሸፈነው በወቅፍ ነው፤ ማለትም ሙስሊሞች ሕሙማንን ማስታመምን ሰደቃ ብለው ያስቀመጡበት ሥራ ነበር።

በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ሐዘንን ለሁለት ከፍለውታል። አንዱ ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ሰው ሲሞት ወይም ንብረት ሲጠፋ የሚመጣው። ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅ፣ ከሰውነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ለዚህኛው የአካል ሕክምና እንደሚያስፈልግ ያሳስባሉ። ዛሬም ሐኪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

"ኢማኑ ደክሞ ነው" ከማለታችን በፊት

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ለዐጣእ የጀነት ሰው የሆነች ሴት ላሳይህን ብለው አንዲት ጥቁር ሴት አሳዩት። ይህች ሴት የሚጥላት ሕመም ነበረባት። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እሳቸውም ታግሣ ጀነትን ማግኘት ወይም ይሽራት ዘንድ ዱዓ እንዲደረግላት ምርጫ ሰጧት። ኢማንሽ ስለ ደከመ ነው አላሏትም። ይህ ሐዲሥ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቦ ይገኛል። በሌላ ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ ከእርጅና በቀር እንደሌለም ገልጸዋል። ብዕር ከተነሣላቸው ሦስቱ መካከልም ልጅ እስኪደርስ ድረስና አእምሮውን ያጣ እስኪመለስለት ድረስ ይገኙበታል። አላህ ያልጻፈበትን እኛ በምን ሥልጣን እንጽፍበታለን?

በጅን መኖር እናምናለን፤ ሩቅያም ሱንና ነው። ሩቅያ ግን ሕክምናን አያስቀርም። ቁርኣን እየተቀራለት መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሁለቱንም አገኘ። ልጅን መደብደብ፣ ማሰር፣ ማስራብ፣ በጭስ ማፈን ከሩቅያ አይቆጠርም፤ በደል ነው። መድኃኒቱን ካልተውክ ሩቅያው አይሠራም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ልጁን ይዛችሁ ውጡ።

ረመዳንም ሌላው የጥያቄ ወር ነው። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ወንድም ወይም እህት ከወሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። አንዳንዱ መድኃኒት ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሊዛወር ይችላል። ሊትየም የሚወስድ ሰው ግን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ውኃ ሲያንስ በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ አደገኛ ደረጃ ሊወጣ ይችላል። በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ ለአእምሮ ሕመምተኛም ነው። ሐኪሙ አትጹም ካለው ከኡስታዙ ጋር ስለ ቀዷ ወይም ስለ ፊድያ ይነጋገር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ። ጫትም የሥነ አእምሮ መቃወስ ያለበትን ሰው ሕመም ሊያባብስና እንቅልፉን ሊነሣው ስለሚችል ለፈተና ብላችሁ አትስጡት።

እኛ ምን እናድርግ?

ከቤት ሲደወልላችሁ አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል እንዲወስዱት አሳምኑ። አባት ከፈራ፣ "መጀመሪያ ሌላ በሽታ አለመሆኑን እናረጋግጥ" ብላችሁ አቅልሉለት። ከተቻለ ራሳችሁ አብራችሁ ሂዱ።

ዶርም ውስጥ ጓደኛችሁ ከተለወጠ ብቻውን አግኝታችሁ ጠይቁት። መሞት ያስባል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በቀጥታና በርኅራኄ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር አርቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ካምፓሱ ክሊኒክ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ቃል አትግቡለት፤ ነፍስ ማዳን ከምሥጢር ይቀድማል።

ከሚመለከታቸው ሰዎች ውጭ ግን ወሬው አይውጣ። በሰላት ቤት በር ላይ "እገሌ እኮ አሞት ገባ" ማለት ጊባ ነው። ትምህርቱን ማቋረጥ ካለበት ዝም ብሎ እንዳይጠፋ እርዱት፤ ዊዝድሮው ሞልቶ፣ የሕክምና ማስረጃውን አያይዞ ቢወጣ ተመልሶ ለመቀጠል ይቀለዋል። ሆስፒታል ከተኛ ጠይቁት። የእግር ስብራት ያለበትን ብርቱካን ይዘን የምንጠይቅ ከሆነ፣ እሱንም እንዲሁ እንጠይቅ። ሲመለስ በሐላቃው የነበረበት ቦታ ይጠብቀው፤ ሰልፉን እንደ ወትሮው አብሮን ይሙላ። እንደ ብርቅ አንየው፤ በቀልድም አንንካው።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ይሽርልን፤ አስታማሚዎቻቸውን ሶብር ይስጥልን፤ ለቤተሰቦቻችን በምንሰጠው መልስ ከመበደል ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።